የእጅ ኪይ እና የጆሮ ኪይ፦ የቫንሃል ኮንቸርቶ በደብል ቤዝ ኦዲሽን

በጀርመንና በኦስትሪያ ለኦርኬስትራ ቦታ የሚወዳደር ደብል ቤዝ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የቪየና ኮንቸርቶዎች አንዱን ይዞ ይቀርባል፦ የዲተርስዶርፍን ወይም የቫንሃልን። ቫንሃልን ከመረጠ ቫዮሊን ተጫዋች ጨርሶ የማይገጥመው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ በየትኛው ኪይ ይጫወተው? በዲ ሜጀር የታተመ ኖታ አለ፣ በሲ ሜጀር የታተመም አለ። በሙያው ውስጥ ሥር የሰደደው አመለካከት ዲ ትክክለኛው ነው፣ ሲ ግን ከፍተኛዎቹን ቦታዎች የሚፈራ ሰው መሸሸጊያ ነው የሚል ነው። ይህ ፍርድ የመሣሪያውን ታሪክ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅኝት ነው። ደብል ቤዝ በኦርኬስትራ ውስጥ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ይቃኛል። ለሶሎ ሲሆን ግን ቀጠን ያሉ ክሮች ይገጠሙለትና ሁሉም በአንድ ሙሉ ቶን ከፍ ብለው ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤ ይሆናሉ። ክራር መቺ ለዘፋኙ ድምፅ ሲል ክሮቹን ከፍ ቢያደርግ የጣቱን አያያዝ እንደማይለውጥ ሁሉ፣ ቤዝ ተጫዋቹም ዲ ተብሎ የተጻፈለትን በለመደበት ቦታ ይይዘዋል፤ አዳራሹ የሚሰማው ግን ኢ ነው። ስለዚህ አንድ ኮንቸርቶ ሁለት ኪይ አለው፤ አንዱ እጅ የሚያውቀው፣ ሌላው ጆሮ የሚሰማው። የዲተርስዶርፍ ኮንቸርቶ በሰፊው በተሰራጨው እትም ኢ ሜጀር የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቫንሃል (እ.ኤ.አ. 1739–1813) የጻፈለት መሣሪያ ግን ከሁለቱም ቅኝቶች የተለየ ነበር። የቪየናው ቤዝ አምስት ክሮች ነበሩት፦ ኤፍ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ። አራቱ የላይ ክሮች ጣት ሳይነካቸው እንኳ ዲ ሜጀር ኮርድ ናቸው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የሚንቆረቆሩት አርፔጆዎች የተወለዱት ከዚህ ነው፤ ለዛሬው ተጫዋች ረጅም የእጅ ጉዞ የሆነው ለዚያ ዘመን ሰው ከክር ወደ ክር መሻገር ብቻ ነበር። ሞዛርት በ1791 ለባስ ዘፋኝና ለዚሁ መሣሪያ የጻፈው አሪያም በዲ ሜጀር መሆኑ የአጋጣሚ አይደለም።

አሁን የሲውን እትም ከዚህ ቅኝት አጠገብ እናስቀምጠው። ተጫዋቹ በሶሎ ቅኝት ሲ ብሎ ሲጫወት የሚሰማው ዲ ሜጀር ነው፤ ቀጭኑ ክሩም ኤ ነው። የቪየናውም ቀጭን ክር ኤ ነበረ። እንግዲህ በዚያ ክር ላይ፣ ማለትም ዜማው አብዛኛውን ጊዜ በሚኖርበት ክር ላይ፣ እጁ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከቪየናው ተጫዋች ጋር አንድ ናቸው። በክሩ አጋማሽ ላይ ያለው ኤ በጣት ዳሰሳ ብቻ የሚወጣ ሃርሞኒክ ነው። በኦርኬስትራ ቅኝት ዲ የሚጫወተው ግን ያንኑ ኤ በጂ ክር ላይ ከአጋማሹ አንድ ቶን አልፎ ተጭኖ መያዝ አለበት። የሚርገበገበው ክር 105 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ እዚያ ቦታ ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። የሰነፍ መንገድ የተባለው ለጥንቱ እጅ ይበልጥ ቀርቦ ተገኘ።

ዲም ቢሆን ያለ ጠበቃ አይቀርም። በኦርኬስትራ ቅኝት ባዶው የዲ ክር የኪዩ መሠረት ሆኖ ያስተጋባል፣ ሃርሞኒኮቹም ዲ፣ ኤና ኤፍ ሻርፕ፣ የኮርዱ ድምፆች ናቸው። በሶሎ ቅኝት ይህ ክር የለም፤ በቦታው ያለው ኢ ለዲ ሜጀር እንግዳ ነው። አንዱ ምርጫ የቪየናውን የላይኛ ክር ያድናል፣ ሌላው የመካከለኛውን።

«ዋናው ዲ ነው» የሚለው ክርክር ግን ብዙ አያስኬድም። በዚያ ዘመን ሶሎ ተጫዋቹ ጎልቶ እንዲሰማ መሣሪያውን ግማሽ ቶን ከፍ አድርጎ መቃኘት የተለመደ ነበር፤ እሱ ዲ ሲያነብ ኦርኬስትራው በኢ ፍላት ይጫወታል። ሞዛርት በ1779 ለቫዮሊንና ለቪዮላ በጻፈው ኮንቸርታንት ለቪዮላው ያደረገው ይህንኑ ነው። ዋናው የሚባለው ኪይ ከጥንትም የእጅ እንጂ የጆሮ አልነበረም ማለት ነው።

ስለዚህ በኦዲሽን ቀን ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ኮንቸርቶውን የሰሙ ዳኞች በዚያው ቀን የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሬሲታቲቮና መሰል ክፍሎች በኦርኬስትራ ቅኝት ይጠይቃሉ። ያንኑ ክር አንድ ቶን ከፍ ማድረግ ውጥረቱን በሩብ ያህል ስለሚጨምረው፣ በሁለት ዙር መካከል ከፍ ዝቅ የተደረገ መሣሪያ ቅኝቱን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ ዳኛው የሚያገኘው ድምፅን ብቻ ነው፤ የተንሸራተተ ኢንቶኔሽን ወዲያው ይጋለጣል፣ ተጫዋቹ ሲ ይዞ እንደሆነ ግን ከጥቂት ባለሙያ በስተቀር ማን ይለያል? ሁለተኛ ቤዝ ያለው፣ ወይም ኮንቸርቶው በሶሎ ቅኝት እንዲቀርብ የተጠየቀ ሰው፣ ሲን ያለ ኀፍረት ይምረጥ እላለሁ። አንድ ቤዝ ብቻ ይዞ የሚጓዝ ደግሞ በኦርኬስትራ ቅኝት ዲ ቢጫወት ይሻለዋል። ዲ አንብቦ ኢ ማሰማት ግን የቪየናውን የላይኛ ክር እያሳጣ መሣሪያውንም ከፍ አድርጎ መቃኘት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከብሩህነቱ በቀር የሚሟገትለት ምክንያት አላገኘሁም።

ሌላው የደብል ቤዝ ኮንቸርቶ፣ የኩሴቪትስኪ፣ ከዚህ ሙግት ነፃ ነው። በ1905 ሞስኮ ውስጥ ሲቀርብ ከመነሻው ለሶሎ ቅኝት የታሰበ ስለነበር እጅ ኢ ማይነር ይዞ ጆሮ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ይሰማል፤ በኦርኬስትራ ቅኝት የሚጫወተውም የራሱን ገጽ አይቀይርም። የሚቀየረው የፒያኒስቱ ነው፤ ለቫንሃልም ቢሆን አጃቢው የሚያነበው በጆሮ ኪይ የተጻፈውን ኖታ ስለሆነ፣ ተወዳዳሪው ከማመልከቻው ጋር ቅኝቱን አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።