የደሃና ሰው መዝገብና የተራ ቁጥር ጣጣ

በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ትንሽ የሚመስል ልማድ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች አስቀድመው የታወቁ ጥቂት ነገሮችን፣ ለምሳሌ ወሮችን ወይም ክልሎችን፣ ስም በስም ዘርዝረው ይደነግጋሉ፤ ይህም ዝርዝር በሙያው ቋንቋ ኢነም ይባላል። መረጃው ግን የሚቀመጠው በመረጃ ቋት ሠንጠረዥ ስለ ሆነ፣ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም መሣሪያ ያስፈልጋል። በጃቫ ከሚሠራባቸው አስተርጓሚዎች እጅግ የታወቀው ሃይበርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጄፒኤ ደንብ እንደሚያዝዘው፣ ጸሐፊው ሌላ ነገር ካልተናገረ በቀር፣ ወደ ሠንጠረዡ የሚወርደው ስሙ ሳይሆን ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ያለበት ተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩም የሚጀምረው ከ0 ነው።

እኛ የምንለው ተራ ቁጥር ስም ሊሆን አይችልም ነው። በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ የሚገኘውን፣ መቀመጫው አምደ ወርቅ የሆነውን የደሃና ወረዳ እንውሰድ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎች ሲደነገጉ ትግራይ 1፣ አፋር 2፣ አማራ 3 ተብለው ነበር። (አዲስ አበባን «ክልል 14» ማለት የቀረው ከዚያ ነው።) አንድ ጸሐፊ በዚሁ ተራ ኢነሙን ቢደረድር አማራ 2 ይሆናል። ፕሮግራሙ ራሱ የጻፈውን ራሱ ሲያነብ አይሳሳትም። ነገር ግን የእርዳታ እህል የሚደለድል ሹም ሠንጠረዡን በቀጥታ ከፍቶ በአዋጁ ቁጥር ቢያነበው፣ የደሃናውን ገበሬ አፋር ውስጥ ያገኘዋል።

ከዚህም የከፋ አለ። ጸሐፊው ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሯቸው እንበል፤ ሐረሪ 0፣ ሶማሌ 1፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 2፣ ትግራይ 3፣ አማራ 4። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነ። በፊደል ተራ ሲዳማ ከሶማሌ ይቀድማልና ጸሐፊው በቦታው ቢያስገባው፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳል። በሠንጠረዡ የተጻፈው 4 ግን አልተነካም። ትናንት አማራ ተብሎ የተነበበው የደሃና ሰው ዛሬ ትግራይ ተብሎ ይነበባል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ስሕተት አለ ብሎም አይጮኽም። ዋግ ከትግራይ ጋር እንደሚዋሰን፣ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም ሰቆጣ እንደ ደረሰ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ እንደ ጽሕፈት ግድፈት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አዲሱን ስም ከመጨረሻ መጨመር ይበቃል የሚሉ አሉ። ለመጨመሩስ ይበቃል። ታዲያ የቀድሞው የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. ተከፍሎ በቦታው ሌሎች ሲተኩ፣ አሮጌውን ስም ከዝርዝሩ የሰረዘ ሰው ከእርሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ አዛብቷል።

ሌሎች ደግሞ ስሙ ራሱ ይጻፍ ይላሉ፤ ደንቡም ይህን ይፈቅዳል። ከቁጥሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም ስሙ ከኢነሙ ሲጠፋ ሃይበርኔት እንደማያውቀው ተናግሮ ይቆማል። ይሁን እንጂ የእኛ ፊደል ለዚህ አይመችም። አማራና ዐማራ፣ ሐረሪና ሀረሪ፣ ደሃናና ደኃና ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው።

ኢነምን ጨርሶ መጣል ግን አይገባም። መንግሥት ቢለዋወጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት 13 ወሮች አይለወጡም፤ ለእነዚህ ኢነም ተገቢ ነው። (የጃቫ የራሱ የወር ኢነም 12 ብቻ ስለ ሆነ ጳጉሜን ማደሪያ የለውም፤ የራሳችንን መደንገግ ግድ ነው።) ለወሮቹም ቢሆን ተራ ቁጥሩን እንደ ወር ቁጥር አትውሰዱ ብሎ የጃቫ መመሪያ ራሱ ይመክራል።

ክልል ግን በአዋጅ የሚፈጠርና በአዋጅ የሚቀር ስለ ሆነ የራሱ ሠንጠረዥ ይገባዋል። እያንዳንዱ ክልል የማይለወጥ መለያ ይሰጠው፤ የሰዎቹ መዝገብም ያንን መለያ ይጥቀስ። ሁለት ሠንጠረዥ ማገናኘት ጥቂት ድካም አለው፤ ነገር ግን ሠንጠረዡ ኢነም የማይችለውን ይችላል። ዋግ በደርግ ዘመን በወሎ ሥር አውራጃ ነበረ፤ ዛሬ በአማራ ክልል ሥር ዋግ ኽምራ ነው። «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ቢጨመሩ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአባትየው መዝገብ በወሎ፣ የልጅየው በአማራ ይነበባል።