የሜንገር ሠንጠረዥ

ካርል ሜንገር እ.ኤ.አ. በ1871 ቪየና ላይ ባሳተመው የኢኮኖሚክስ መጽሐፉ ውስጥ፣ እንደ ጥሩ ሸማኔ ጥለት ቀረብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ዐሥር ዓምዶች በሮማውያን ቁጥር ተሰይመው ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ አንድ የሰው ፍላጎት ነው። የመጀመሪያው ከ10 ተነሥቶ አንድ አንድ እየቀነሰ 0 ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ከ9 ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ዐሥረኛው 1 እና 0 ብቻ ይቀሩታል። ሌላ ነገር የለም፤ ቀመርም፣ ሥዕልም።

ብልሃቱ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። ወደ ታች ሲያነቡት ጥጋብ ይታያል፦ የመጀመሪያው ጉርሻ ነፍስ ያቆያል፣ የኋለኛው ደስ ያሰኛል፣ የመጨረሻው ምንም አይጨምርም። ወደ ጎን ሲያነቡት ፍላጎቶች በክብደታቸው ይሰለፋሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሰያፉ ነው። ስድስቶቹን ብቻ እንከተል። አምስት ናቸው፤ ከአንደኛው ዓምድ አምስተኛ ረድፍ ተነሥተው ሽቅብ እየወጡ አምስተኛው ዓምድ አናት ላይ ይደርሳሉ። ሜንገር አንደኛው ዓምድ ምግብ፣ አምስተኛው ትምባሆ ይሁን ይላል። ምግብ እንደሚበልጥ ማን ይጠራጠራል? ሰውየው ግን በልቶ በልቶ ተጨማሪው ምግብ 6 ብቻ የሚመዝንለት ደረጃ ሲደርስ፣ የመጀመሪያዋ ትምባሆ እኩል ትሆነዋለች። ምርጫው ምግብ ወይስ ትምባሆ ሳይሆን፣ ይህች ጭማሪ ወይስ ያች ጭማሪ የሚል ነው።

አዳም ስሚዝ በ1776 ያነሣው የውሃና የአልማዝ እንቆቅልሽም፣ እጅግ የሚጠቅመው ውሃ ረክሶ እምብዛም የማይጠቅመው አልማዝ ለምን ይወደዳል የሚለው፣ እዚሁ ይፈታል። ውሃ ሞልቶ ሲፈስ የምንመዝነው የመጨረሻው ጭልፋ ዓምዱ ግርጌ ነው፤ አልማዝ ጥቂት ስለሆነ ከአናቱ ብዙም አይወርድም።

በዚያው በ1871 እንግሊዛዊው ዊሊያም ስታንሊ ጄቨንስ ተመሳሳዩን ሐሳብ በካልኩለስ አቀረበ። የእሱ ለስላሳ መሥመር ለስሌት ይመቻል፤ እኔ ግን የሜንገርን ደረጃ እመርጣለሁ፤ ሰው ጫማ የሚገዛው በጥንድ ነውና። እርግጥ ቁጥሮቹ እኩል እኩል መውረዳቸው ለዓይን እንጂ ለእውነተኛ ኑሮ አልተለካም።

የሜንገር ተከታይ ኦይገን ቮን ቦም ባቨርክ በ1889 ቁጥሮቹን ትቶ፣ አምስት ጆንያ እህል ይዞ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ገበሬ አመጣ። አንዱ ጆንያ ነፍስ ማቆያ፣ አንዱ ለብርታት፣ አንዱ ለዶሮዎች፣ አንዱ ለአረቄ፣ አምስተኛው ለሚያጫውቱት በቀቀኖች ነው። አንድ ጆንያ ቢጠፋበት፣ የትኛውም ይሁን፣ ቀለብ የሚቀርባቸው በቀቀኖቹ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆንያ፣ ነፍስ የሚያቆየውም ጭምር፣ ለብቻው ሲመዘን ዋጋው በቀቀኖቹ የሚሰጡትን ደስታ ያህል ነው።