«አገባች» እና «ተዳረች»፦ በሕክምና ቤት ስለሚነገሩ የጋብቻ ቃላት የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃላትን በአማርኛ ለመሰየም በሚደረገው ጥረት ትኩረት የሚሰጠው በአብዛኛው አቻ ላልተገኘላቸው የውጭ ስሞች ነው። ይሁን እንጂ አቻ ተገኝቶላቸዋል ተብለው የታለፉትም ምርመራ ይገባቸዋል። «የግዳጅ ጋብቻ» ከእነዚህ አንዱ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከሐኪም ፊት ለምትቀርብ ወጣት ሴት ይህ ስያሜ ምን ያህል እንደሚጠቅማት እንመልከት።

«ግዳጅ» በዛሬው አማርኛ ጎልቶ የሚሰማው ለተልእኮ ነው፤ ግዳጁን የተወጣ ወታደር ይመሰገናል። ስለዚህ ቃሉ የበደልን ስሜት ያደበዝዛል። ከዚህ የከፋው ግን ስያሜው ያስገደደው ማን እንደ ሆነ አለመናገሩ ነው።

የአገሩ ሰው አድራጊውን የሚለዩ ግሦች አሉት። «አገባች» ሲባል ሥራው የእርሷ ነው፤ «ዳሯት» ሲባል የወላጆቿ፤ «ጠለፏት» ሲባል የጠላፊዎቿ ነው። ሐኪሙ «አግብተሻል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሷ «አዎ» ይሆናል፤ ጥያቄው ራሱ ድርጊቱን ለእርሷ ሰጥቶታልና። «ማን ዳረሽ? አንቺስ ምን አልሽ?» ቢላት ግን ለነገሩ በር ይከፈታል። እርግጥ ወዳ የተዳረችም አለች፤ ግሡ ጥያቄን ይወልዳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። የተጠለፈችን ልጅ ወላጆቿ ሊታደጓት ይችላሉ፤ ያለ ፈቃዷ የተዳረችውን ግን ለወላጆቿ መንገር ለአስገዳጆቿ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ መመሪያ ማን እንደሚጠራ፣ ማንስ ከክፍሉ እንደሚወጣ ለሐኪሙ አያመለክተውም።

«ማደጎ»ም እንዲሁ ያሳስታል። በጎጃም ልጅቱ በአማቶቿ ቤት እንድታድግ የምትሰጥበት የጋብቻ ዓይነት በዚህ ስም ይጠራል፤ በከተማው አነጋገር ግን ማደጎ የሰውን ልጅ እንደ ልጅ ማሳደግ ነው። አማቷ ይዛት ስትመጣ «ማደጎ» ብሎ የሚመዘግብ የሌላ አገር ባለሙያ ሙሽራይቱን በልጅነት ስም ሊሰውራት ይችላል።

«ያለ ዕድሜ ጋብቻ» የሚለው ስያሜ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 የጸና ነው። መለኪያው ዕድሜ ስለ ሆነ 18 ዓመት የሞላትን ተገዳጅ፣ ፈት ወይም ባሏ የሞተባትን ሴት አይነካም። ያው ሕግ በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደንግጓል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ተጠላፊዋ ጠላፊውን በፈቃዷ ካገባች ክሱን ያስቀር ነበር። እንግዲህ «አገባች» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ የክስ መዝገብ የሚዘጋ ቃል እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ዛሬም ሐኪሙ ጉዳዩን በሽማግሌ «ለማስታረቅ» ቢሞክር በደሉን እንደ ባልና ሚስት ጠብ መቁጠሩ ነው።

ስለዚህ «ያለ ፈቃዷ መዳር» እና «ጠለፋ» ተለያይተው እንዲመዘገቡ፣ ጠቅላላ ስም ካስፈለገም «ያለ ተጋቢ ፈቃድ ጋብቻ» እንዲባል እናሳስባለን። «ያለ ፈቃድ» ብቻውን አይበቃም፤ የወላጅ ፈቃድ ወይም የመንግሥት ፈቃድ የጎደለው ጋብቻ ሊመስል ይችላልና። ስያሜው ረዝሟል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን የማን ፈቃድ እንደ ጎደለ የሚናገረው ይኸው አንድ ተጨማሪ ቃል ነው። ባለሙያውም ልጅቱን ለብቻዋ አነጋግሮ፣ የተናገረችውን በራሷ ቃል ይጻፍ፤ ምስጢሯንም ይጠብቅ፤ ወደ ሕግ ወይም ወደ ሴቶች ጉዳይ ቢሮ የሚደረገውን እርምጃ ሲያስብ በቅድሚያ ደኅንነቷን ከእርሷ ጋር ይምከር። «ተዳርሁ» ያለችውን «አገባች» ብሎ መጻፍ የቃል ለውጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርነቷን መሰረዝ ነው።