የጎደለው ባልደረባ፦ የፒንክ ፍሎይድ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» ሲዳሰስ

«ዊሽ ዩ ወር ሂር» የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1975 ያወጣው ዘጠነኛ የስቱዲዮ አልበም ነው። ርዕሱ «ምነው እዚህ በሆንክ» የሚል ምኞት ነው። 44 ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት ትራኮች አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩን የያዘው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» የተባለው ባለ ዘጠኝ ክፍል ቅንብር ነው። ለሁለት ተከፍሎ አልበሙን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ጭብጡ የጎደለ ሰው ነው፤ አልበሙን ከዘመኑ የፕሮግረሲቭ ሮክ ሥራዎች የሚለየውም ይህ ጉድለት ከግጥሙ አልፎ ሙዚቃው በተሠራበት መንገድ ውስጥ መግባቱ ነው።

የጎደለው ሰው ሲድ ባሬት ነው። ከባንዱ መሥራቾች አንዱ የነበረው ባሬት በ1967 የወጣውን የመጀመሪያ አልበም አብዛኞቹን ዘፈኖች የደረሰ ጊታሪስትና ድምፃዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አእምሮው እየታወከ መድረክ ላይ መጫወት ተሳነው፤ በ1968 ከባንዱ ሲለይ ቦታውን የወጣትነት ጓደኛው ዴቪድ ጊልሞር ያዘ። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» በ1973 ካስገኘው ታላቅ ስኬት በኋላ አራቱ ባልደረቦች በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲሰባሰቡ ገንዘብም ዝናም ነበራቸው፤ የመሥራት ፍላጎታቸው ግን ተዳክሞ ነበር።

የመክፈቻው ቅንብር የሚጀምረው በባንዱ አባል በሪቻርድ ራይት ሲንተሳይዘርና በብርጭቆ አፍ ላይ በተቀዳ የሚንሳፈፍ ድምፅ ነው። ከዚያ ጊልሞር አራት ኖታዎችን ብቻ ይጫወታል፦ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኢ። ቅንብሩ በጂ ማይነር በመሆኑ ጆሮ የሚጠብቀው ኢ ፍላትን ነው፤ በምትኩ የሚመጣው ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ኢ ሐረጉን ሳያሳርፍ አንጠልጥሎ ይተወዋል። የሰው ድምፅ የሚሰማው ከስምንት ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ለአንድ ዘፋኝ በተሠራ መወድስ ዘፈን ይህን ያህል መዘግየቱ ለቅንብሩ ርዝመት ሲባል የተደረገ አይመስልም። ባዶው ቦታ የማን እንደሆነ አድማጩ ቃል ሳይሰማ እንዲረዳ ያደርጋል።

መካከለኞቹ ዘፈኖች ወደ ሙዚቃው ንግድ ይዞራሉ። «ዌልካም ቱ ዘ ማሽን» በሲንተሳይዘር ምት ኢንዱስትሪውን እንደ ፋብሪካ ያሰማል። «ሃቭ ኤ ሲጋር» ላይ የሚዘፍነው ከባንዱ አባላት አንዱ እንኳ አይደለም፤ በአቢ ሮድ የራሱን አልበም ይቀዳ የነበረው ሮይ ሃርፐር ነው። በርዕሱ ዘፈን ደግሞ የመጀመሪያው ጊታር ከመኪና ሬዲዮ እንደሚወጣ ሆኖ ቀጥኖ ይሰማል፤ ሁለተኛው ጊታር ቀርቦና ሞልቶ አብሮት ይጫወታል። ሁለቱ አንድ ዜማ ይጋራሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ግን የሉም። ከአልበሙ ሁሉ ይህ መግቢያ በጥቂት ነገር ብዙ የሚናገር ነው።

ሰኔ 5 ቀን 1975 ባሬት ሳይጠበቅ ስቱዲዮ ገባ። ወፍሯል፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቷል፤ የቀድሞ ባልደረቦቹ ወዲያው አላወቁትም፤ ሲያውቁትም ሮጀር ዋተርስ አለቀሰ። ብዙ ጽሑፎች አልበሙን በዚህ ቀን በኩል ያነቡታል፤ ንባቡ ግን ልክ አይደለም። ባንዱ «ሻይን ኦን»ን በ1974 በፈረንሳይና በብሪታንያ መድረኮች ላይ ተጫውቶት ነበር። ሐዘኑ ከጉብኝቱ ቀድሟል። ከዚህም በላይ ዋተርስ በቀረጻው ወቅት አባላቱ ራሳቸው በሐሳብ ከስቱዲዮው ርቀው እንደነበር ተናግሯል፤ ስለዚህ «በሆንክ» የተባለው ባሬት ብቻ አይደለም።

አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ስምና ግብር እየጠራች ነው። እዚህ የሚታዘንለት ሰው ያኔ በሕይወት ነበር፤ ባሬት እስከ 2006 ኖሯል፤ ስሙ ግን በአንድም ስንኝ አይነሳም። በራይት የተደረሰው ዘጠነኛው ክፍል ሲያበቃ ባሬት በ1967 ከደረሰው «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» የተወሰደ አጭር ዜማ በኪቦርድ ይሰማል። ማንነቱን የሚነግረን የገዛ ዜማው ነው።

አልበሙ ሲወጣ አንዳንድ ሐያስያን በቅዝቃዜ ቢቀበሉትም በብሪታንያና በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ጊልሞርና ራይት ከባንዱ አልበሞች ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህንኑ እንደሆነ በየጊዜው ተናግረዋል።