ልጆች የሰየሙት ሠዓሊ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ለልጅ የተቦካውስ? እሱንም ቢሆን ከእራት የሚቆጥረው ጥቂት ነው። አንድ ሰው «ደራሲ ነኝ» ሲል ወንበር ይሳብለታል። «የምጽፈው ለልጆች ነው» ብሎ ሲጨምር ግን ያከበሩት ሰዎች ወዲያው ፈገግ ይላሉ፤ ገና እየተለማመደ ያለ ይመስላቸዋል። በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ማለትም ኮሚክ የሚሠራ ከሆነማ አለቀለት፤ «ጎበዝ፣ በርታ!» ተብሎ ይታለፋል።

ንቀቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የማነሳላችሁ ሰው አሜሪካዊ ነው፤ ካርል ባርክስ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁት ባታውቁ አይፈረድባችሁም፤ ሥራውን በየወሩ እየጠበቁ ያነቡ የነበሩ ሚሊዮኖችም አያውቁትም ነበር። የእጁን ሥራ ግን ሳታዩት አትቀሩም። የመርከበኛ ሸሚዝ ለብሶ ሱሪ የማይታጠቀው ቁጡው ዳክዬ፣ ዶናልድ ዳክ፣ የተወለደው በ1934 በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ፊልም ላይ ነው (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ላይ ዋና ሥራው መጮህና መደባደብ ነበር። ሰፈር፣ ዘመድ፣ ዕዳና የሥራ ፍለጋ ጣጣ የሰጠው፣ ባጭሩ የእኛ ቢጤ ያደረገው ባርክስ ነው። ገንዘብ ውስጥ እንደ ውኃ የሚዋኘው ቆንቋናው አጎት ስክሩጅም በ1947 ከዚሁ ሰው ብዕር የወጣ ነው።

ሰውዬው በ1901 በኦሪገን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆመ። ጆሮው ገና ከልጅነቱ ይደክም ነበር። አርሷል፣ እንጨት ቆርጧል፣ በቅሎ ነድቷል፣ በማተሚያ ቤትና በባቡር ጥገና ቤት ሠርቷል። በተልእኮ የሚሰጥ የሥዕል ትምህርት ጀምሮም ከጥቂት ክፍለ ትምህርት በኋላ ተወው። ዲዝኒ ዘንድ የተቀጠረው በ1935፣ በ34 ዓመቱ፣ በሳምንት 20 ዶላር ነው። ትልልቆቹ ሠዓሊዎች የሚስሏቸውን እንቅስቃሴዎች የሚያገናኙ መሀል ለመሀል የሚገቡ ሥዕሎችን ይሠራ ነበር። አንድ ቀልድ አቀረበና ስለተወደደለት ወደ ታሪክ ክፍል ተዛወረ። በ1942 ግን ሥራውን ለቀቀ። ዕቅዱ ምን ነበር መሰላችሁ? ዶሮ ማርባት!

ኑሮውን ለመደጎም ሲል የዲዝኒን ኮሚኮች ወደሚያሳትመው ድርጅት ጎራ አለ። አንድ የተጻፈ ታሪክ ሰጡትና ሳል አሉት። እሱም ጉድለቱን አርሞ፣ አሻሽሎ ሳለው። ከዚያ በኋላ ታሪኩንም ራሱ እንዲጽፍ ተተወለት። እነሆ ለ20 ከምናምን ዓመታት፣ በ1966 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጽፍና ሲስል ኖረ። በየወሩ የሚወጣ የ10 ገጽ ታሪክ ነበረበት፤ ረጃጅሞቹ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ታሪኩን ያስባል፣ ንግግሩን ይጽፋል፣ በእርሳስ ይነድፋል፣ በቀለም ያደምቃል። በ1954 ያገባት ባለቤቱ ጋሬም ሠዓሊ ነበረችና ፊደሉን በመጻፍ ታግዘው ጀመር። በዚህ ሁኔታ ከ500 በላይ ታሪኮች፣ ከ6000 በላይ ገጾች ሠራ። ክፍያው በገጽ ነው። ገጹን ያስረክባል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ በቃ። መጽሔቱ በመላው ዓለም ተተርጉሞ ቢሸጥ ለእሱ የምትደርሰው ሳንቲም የለችም። የዓለምን አንደኛ ሀብታም ዳክዬ የፈጠረው ሰው የገጽ ተከፋይ ነበር ማለት ነው። ስክሩጅ ለዶናልድ በሰዓት 30 ሳንቲም ሲከፍለው ስታነቡ፣ ሠዓሊው ያንን ቀልድ ከየት እንዳመጣው መገመት አይከብድም።

መጽሔቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወር ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። ሽፋኑ ላይ የነበረው ስም ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዋልት ዲዝኒ። ብዙ ሠዓሊዎች ይሠሩበት ነበር፤ አንዳቸውም አይፈርሙም። ታዲያ ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጆቹ ለዩት! ማንም ሳይነግራቸው፣ ሃያሲ ሳይመራቸው፣ አስተማሪ ሳያብራራላቸው፣ ከዚህና ከዚያ ሥዕል መካከል የአንዱን እጅ ነቅሰው አወጡ። ስሙን ስለማያውቁትም በየሰፈራቸው «ጥሩው ሠዓሊ» አሉት። አንዳንዶቹ አድገውም አልተዉትም፤ ለአሳታሚው ደብዳቤ እየጻፉ «ይህ ሰው ማነው?» አሉ። ደብዳቤው ለሰውየው አይደርስም ነበር። ኋላ ግን ስሙንም አድራሻውንም አገኙ። የአድናቂ ደብዳቤ በ1960 ሲደርሰው ዕድሜው 60 ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ወዳጁ የቀለደበት መስሎት ነበር አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ልጆቹ የለዩት ምኑን ነው? የመስመሩን ጥራት ብቻ ነው? አይመስለኝም። የለዩት የማይዋሻቸውን ሰው ነው።

ባርክስ በስተርጅናው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደጋግሞ የገለጸው አቋም ነበረው። ለልጆች ሕይወትን በስኳር ለውሶ ማቅረብ አይወድም። ክፉ በሚባለው ውስጥ ትንሽ ደግነት፣ ደግ በሚባለው ውስጥ ብዙ ክፋት አለ፤ ሁሉም ነገር በመጨረሻ ያምራል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ይህንንም ልጆች ቢያውቁት ይሻላል ባይ ነበር። አሳታሚዎቹ ሁልጊዜ አልተስማሙትም። በ1953 ካወጣው የወርቅ ፍለጋ ታሪክ የመጠጥ ቤት ጠብ ያለበትን ክፍል «ለልጅ አይሆንም» ብለው ቆረጡት። በ1957 የሠራውን የወተት አመላላሽ ታሪክ ጭራሽ መለሱበት፤ የታተመው ከብዙ ዓመታት በኋላ አውሮፓ ውስጥ ነው።

አቋሙን በሥራ ለማየት በ1949 የወጣውን የአንዲስ ተራሮች ታሪክ እንውሰድ። ዶናልድና ሦስቱ የእህት ልጆች ማዕዘን ያለው እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችን ፍለጋ ደቡብ አሜሪካ ይሄዳሉ። ከጉም ሥር የተደበቀች አገር ያገኛሉ። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዘፈን ይወዳል፤ ነገር ግን በአገሩ ሕግ ክብ ነገር መሥራት ወንጀል ነው! ልጆቹ ማስቲካ ነፍተው ክብ አረፋ በማውጣታቸው ዕድሜ ልክ ድንጋይ ፈለጣ ሊወርዱ ይደርሳሉ። ደጉ ሕዝብ እየሳቀና እየዘፈነ ሕፃናትን ሊያስር ነው፤ ለምን ቢባል ሕግ ነዋ። እንደምንም አምልጠው፣ ያንን ሁሉ መከራ አልፈው ሁለት ዶሮ ይዘው አገራቸው ይገባሉ። ሁለቱም አውራ ዶሮ ሆነው ተገኙ! ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ሽልማት የለም፣ እንቁላል የለም። አንድ የ8 ዓመት ልጅ ይህን አንብቦ ይስቃል፤ ግን ሲስቅ «ለፍተህም ላይሆን ይችላል» የሚለውን አብሮ ይውጠዋል። የእኛም አያቶች ተረት እኮ እንዲህ ነው። ሣር በመብላቷ ጥፋተኛ ተብላ አህያዋ ስትበላ ከሞት የሚያስነሳት አልነበረም። ሕፃኑም ተረቱን ሰምቶ ያድራል፤ ፍርድ ማለት ምን እንደሆነም ያውቃል።

በ1951 የወጣው የገንዘብ ተረት ደግሞ አከራካሪ ነው። አውሎ ነፋስ የስክሩጅን ገንዘብ ጠራርጎ በአገሩ ሰው ላይ ያዘንበዋል። ሁሉም ሚሊየነር ይሆናል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» አይደል? ሁሉም ሥራውን ጥሎ አገር ሊጎበኝ ይነሳል። ችግሩ፣ ነዳጅ ቀጂውም ምግብ አብሳዩም ሚሊየነር ነው፤ የሚያስተናግድ ማን ይኑር? እርሻውን ያልተወው ስክሩጅ ነው። ሰዉ ሲርበው ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም እንቁላሉንና ጎመኑን በሚሊዮን እየሸጠ ገንዘቡን አንድ ሳይቀር ይሰበስባል።

ባርክስ በፖለቲካው ወግ አጥባቂ ነበርና ታሪኩ «ሥራ እንጂ ችሮታ አያኖርም» የሚል ስብከት ነው ብንል አንሳሳትም። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው የሚሠራ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን በ10 ገጽ አሳይቷል። ይህንን ሲያስረዱ ሰሚውን የሚያስተኙ ስንት ምሁራን አሉ! ግን ደግሞ ተረቱ የዘለለው ጥያቄ አለ፤ የስክሩጅ ገንዘብ መጀመሪያ ከየት መጣ? ብቻውን ቆፍሮ ነው ያገኘው?

ይህን መሰሉን ጥያቄ በ1971 ቺሊ ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎች፣ አሪኤል ዶርፍማን እና አርማን ማትላር፣ ዶናልድ ዳክን እንዴት ማንበብ እንዳለብን በሚያስረዳ መጽሐፋቸው አነሱት። ዳክዬው ንጹሕ ጨዋታ አይደለም፤ ሀብታም አገሮች ድሀ አገሮችን የሚያዩበት መነጽር ነው አሉ። በታሪኮቹ ውስጥ ዳክዬዎቹ ሩቅ አገር ይሄዳሉ፣ የዋህ ሕዝብ ያገኛሉ፣ ሀብት ይዘው ይመለሳሉ። ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የወታደሩ አገዛዝ መጽሐፉን አቃጠለው። ሁለቱ ጸሐፊዎች አንዳንዱን አጋነውታል፤ የባርክስን ምፀት ያላዩበት ቦታ አለ። ሁለት አውራ ዶሮ ይዞ የተመለሰ ዳክዬ መቼም በዝባዥ አይባልም። ግን ጥያቄያቸው የሚቃጠል አልነበረም።

ለእኛ ለአፍሪካውያን ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርበናል። በዚያው በ1949 ባርክስ አንድ የአፍሪካ ታሪክ ሠርቷል። ታሪኩ ላይ እንደምናነበው፣ ስክሩጅ በወጣትነቱ የአንድ ጎሣ መሬት ፈልጎ አልሸጥም ሲሉት፣ ወሮበሎች ቀጥሮ ሕዝቡን ከመሬቱ አባርሯል። ልብ በሉ! በዚያ ዘመን፣ ለሕፃናት በሚታተም መጽሔት ላይ፣ የባለጸጋው ገንዘብ በከፊል ከዝርፊያ እንደመጣ ተናገረ። እስካሁን ያመሰገንነው እውነተኛነቱ እዚህም አለ። ሥዕሉን ስታዩት ግን ልባችሁ ይደማል። አፍሪካውያኑ ከንፈራቸው ያበጠ፣ አፍንጫቸው ላይ አጥንት የተሰካ፣ ንግግራቸው የተሰባበረ ናቸው። በደሉን የተናገረላቸው ሰው ራሱ መልካቸውን በደለው።

ምክንያቱን መፈለግ ሰበብ መስጠት አይደለም። ባርክስ ለሥዕሎቹ የሚሆን መረጃ የሚያገኘው ከናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ነበር። ተራራውን፣ መርከቡን፣ የፍርስራሹን ድንጋይ ሳይቀር እያየ በጥንቃቄ ይስላል፤ ለዚህም ይደነቃል። ራሱ ግን እስከ 1994 ድረስ፣ 93 ዓመት እስኪሆነው፣ ከአሜሪካ ርቆ አልተጓዘም። ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዕድል ቢስነት የጻፈውን ኖሮታል፤ ስለዚህ አልዋሸም። አፍሪካን ግን በዘመኑ የአሜሪካ ፊልምና ካርቱን እንደቀረበችለት ተቀበላት። ድንጋዩን ለመሳል መጽሔት ያገላበጠ ሰው ለሰው ፊት ያንኑ ጥንቃቄ አላደረገም። ትችቴ ይኼው ነው። ለልጅ አለመዋሸት ማለት የምታውቀውን መናገር ብቻ አይደለም፤ የማታውቀውን እንደምታውቀው አድርጎ አለመሳልም ነው።

ኋላ በወጡ እትሞች ፊቶቹን እንደገና ስለው አለሳልሰዋቸዋል። እኔ ማለሳለሱን አልወደድኩትም። ታሪኩን ለትንሽ ልጅ መስጠት የማይፈልግ ወላጅ አይስጥ፤ መብቱ ነው። ከሰጠ ግን አብሮ ቁጭ ብሎ «እነዚህን ሰዎች እንዲህ የሳላቸው ለምን ይመስልሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ያለ ስም የተሠራን ሥራ ከሺህ መሀል የለየ ልጅ፣ የተበደለን ፊትም መለየት አያቅተውም።

ባርክስ ዘግይቶም ቢሆን ተከበረ። በ1971 ዳክዬዎቹን በዘይት ቀለም ስሎ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በ1994 አውሮፓን ሲጎበኝ የተቀበሉት ያደጉ፣ የሸበቱ «ልጆች» ነበሩ። አንዲት ትንሽ የሰማይ አካል ሳትቀር በስሙ ተጠርታለች። በ2000 በ99 ዓመቱ አረፈ። ለኮሚኮቹ በእጁ የሳላቸው ገጾች ግን አብዛኞቹ የሉም፤ አሳታሚው ካተማቸው በኋላ አስወግዷቸዋል። የልጆች ነገር ነዋ! ማን ያስቀምጠዋል?

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ አንዱን መጽሐፍ ገፍቶ ሌላውን ለሃያኛ ጊዜ ሲያነብ ብታዩት አትቆጡት። አንድ ነገር አውቆ ነው። መጽሐፉን ተቀበሉትና ማን እንደሳለው ሽፋኑ ላይ ፈልጉ። ስም ከሌለው አሳታሚውን ጠይቁት።