ቅጥያ የሌለው «ቅድመ ቅጥያ»፦ በአንድ የኮምፒውተር ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በኮምፒውተር ውስጥ ቃላትን ከነፍቻቸው ለማኖር ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በእንግሊዝኛ «ትራይ» የሚባለው ነው። ዘዴውን ሬኔ ደ ላ ብሪያንዴ እ.ኤ.አ. በ1959 አቀረበው፤ በ1960 ደግሞ ኤድዋርድ ፍሬድኪን «ሪትሪቫል» ከሚለው ቃል፣ ይኸውም ፈልጎ ማውጣት ማለት ነው፣ መካከለኛውን ክፍል ወስዶ ስም አወጣለት። ይኸው ዘዴ «ፕሪፊክስ ትሪ» የሚል ሌላ ስም ስላለው፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የቅድመ ቅጥያ ዛፍ» ሲባል ይታያል። ትርጉሙ ቃል በቃል ሲታይ እንከን ያለበት አይመስልም። በአሠራሩ ሲመዘን ግን የተሳሳተ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። «በር»፣ «በርሜል»፣ «በርበሬ» እና «በርጩማ» የሚሉት አራት ቃላት ለየብቻ ቢጻፉ 14 ፊደላት ይፈጃሉ። በዛፉ ላይ ግን «በ» እና «ር» አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡና ከ«ር» ሦስት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ የፊደላቱም ቍጥር ወደ 8 ይወርዳል። «በር» ራሱን የቻለ ቃል ስለሆነ በ«ር» ላይ የቃል ፍጻሜ ምልክት ይደረጋል፤ ፍቹም እዚያው ይያያዛል። «በርበሬ»ን የሚፈልግ ሰው አራት ፊደላትን ተከትሎ ከፍቹ ይደርሳል። በየመገንጠያው የሚቀጥለው ፊደል ወዲያው እስከተገኘ ድረስ፣ መዝገቡ አንድ ሺህ ቃላት ቢይዝም መቶ ሺህ፣ የእርምጃው ቍጥር አይለወጥም። የዘዴው ብልጫ ይህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ አራት ቃላት በጋራ የያዙት «በር» ቅድመ ቅጥያ ነው ወይ የሚል ነው። አይደለም። «ቅጥያ» «ቀጠለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ በአንድ ቃል ወይም ግንድ ላይ የተጨመረን ነገር ያመለክታል። በሰዋስዋችንም «የ»፣ «በ»፣ «ተ»፣ «አል» ለመሳሰሉት የተወሰነ ስያሜ ሆኗል። «በርበሬ» ላይ ግን የተቀጠለ ነገር የለም። ስያሜውን አምኖ «ቅድመ ቅጥያውን» የሚገፍፍ ሰው ከ«በርበሬ» «በሬ»ን ያወጣል!

በተቃራኒው፣ እውነተኛ ቅድመ ቅጥያ ያላቸው ቃላት በዚህ ዛፍ ላይ ከዘመዶቻቸው ይለያያሉ። «ሰበረ» ከ«ሰ»፣ «ተሰበረ» ከ«ተ»፣ «አልሰበረም» ከ«አ»፣ «ስብራት» ከ«ስ» ይነሣሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው በግሡ ሥር የሰበሰቡትን ዐይነት የቃላት ቤተሰብ ይህ ዛፍ ይበትነዋል። ዛፉ የሚያውቀው የፊደላትን ተራ እንጂ የቃላትን ዝምድና አይደለም። ስያሜው ግን ዝምድናን የሚያውቅ ያስመስለዋል። በዚህ ተመርቶ የኮምፒውተር መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ ቃሉን አስቀድሞ ከነቅጥያው የመተንተኑን ሥራ ዛፉ የሚፈጽምለት ሊመስለው ይችላል። በውጤቱም «በቤታችን» ብሎ የጠየቀ አንባቢ «ቤት» በመዝገቡ ውስጥ እያለ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እንግሊዝኛውም ለሁለቱ አሳቦች በአንድ ቃል ይጠቀማል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ የባዕዱ ቋንቋ ሁለት አሳቦችን በአንድ ቃል ማዳበሉ እኛን አያስገድደንም። ተርጓሚው የሚመልሰው አሳቡን ነው።

«ኪይ» እና «ቫልዩ» የሚባሉትም ጥንድ ቃላት እንዲሁ ሊመረመሩ ይገባል። «ቁልፍ» ወደ ተፈለገው ነገር የሚያደርስ ስለሆነ ተስማሚ ነው። «ዋጋ» ግን በሒሳብ ትምህርት ለቍጥር ቢያገለግልም፣ ከ«በርበሬ» ጋር ሲነገር ገበያን እንጂ ፍችን አያስታውስም። በመዝገበ ቃላት ሥራ «ፍች»፣ በጠቅላላው ደግሞ «ይዘት» ቢባል ይሻላል።

ለዛፉ «የጋራ መነሻ ዛፍ» የሚለውን ስያሜ አቀርባለሁ። «መነሻ» የቃልን ሥር ሊያስመስል ይችላል የሚል ሥጋት ቢኖርም፣ «ሥር» እና «ግንድ» በሰዋስው የየራሳቸው ስም ስላላቸው ሥጋቱ ቀላል ነው። አዲሱ ስያሜ ዛፉ የሚያደርገውን ይናገራል፤ የማያደርገውንም አያስመስልም። ከዚህ የተሻለ ያለው ቢያቀርብ ጸሐፊው በደስታ ይቀበላል፤ «ቅድመ ቅጥያ» ግን ለሰዋስው ይተውለት።