የአዋሽ ጉዞ ዕቅድ በምን ይመዘን?

ለወንዝ ቀዘፋ የተዘጋጀ ዕቅድ ሲቀርብ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በዕቃው ዝርዝር ላይ ነው፤ የጎማ ጀልባው ስንት ሰው ይችላል፣ ጃኬቱና የራስ ቁሩ ከየት መጣ ይባላል። ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚሟላ ነው። ዕቅዱን ያወጣውን ሰው ችሎታ የሚያሳየኝ ግን ወንዙ በዚያ ሰሞን ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ፣ ያንን ውሃም ማን እንደሚወስነው መመርመሩ ነው።

ከአዳማ በታች ያለው አዋሽ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የወንዙ መጠን በሰማዩ ብቻ አይታወቅም። ግድቡ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለኤሌክትሪክና ለመስኖ በልክ ይለቃል፤ ሐይቁ ሲሞላና በሩ ሲከፈት ደግሞ ወንጂ በጎርፍ ትሰጋለች። ዝቅ ብለው አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎችም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣሉ። ስለዚህ «በበጋ ውሃው ዝቅ ይላል» ብሎ የሚያልፍ ዕቅድ ገና አልተጀመረም። ጥሩው ዕቅድ የውሃ አለቃቀቁን ከግድቡ ሰዎች ይጠይቃል፤ በመነሻው ዋዜማም ደግሞ ያረጋግጣል። ለማነጻጸር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው አሳሽ በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን ዐባይን ሆን ብሎ በሙላት ጊዜ ወረደ፤ ምርጫው ምክንያት ነበረው፤ ጀልባዎቹ በቂ ውሃ ይፈልጉ ነበር። ሆኖም ጉዞው የአንድ ሰው ሕይወት አስከፍሏል። ምክንያቱ የተጻፈ ዕቅድ ቢያንስ ሊሞገት ይችላል፤ ስለ ውሃው ዝም ያለው ግን ለሙግት እንኳ አይመችም።

«አዋሽ እኮ በረሃ ውስጥ የጠፋ ወንዝ አይደለም፤ የጅቡቲ መንገድ አጠገቡ ነው» የሚል ይኖራል። ከአዋሽ ፏፏቴ በታች ባለው ጥልቅ ገደል ውስጥ ግን የመንገዱ ቅርበት ለተሰበረ እግር አይጠቅምም። ለእኔ መውጫ ማለት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ የሚወጣበት ነው። ያንን የሚያውቁት ከብቶቻቸውን ወደ ውሃ የሚያወርዱት የከረዩ አርብቶ አደሮች ናቸው፤ እነሱን ሳያማክር፣ የከብት መውረጃዎቹንም ካርታው ላይ ሳያሰፍር የተጻፈ ዕቅድ በእኔ ሚዛን ወድቋል።

የመጠጥ ውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። «ወንዙን አፍልተን እንጠጣለን» ይባላል፤ ማፍላት ግን ጀርም ይገድላል እንጂ የአዲስ አበባና የሞጆ ፋብሪካዎች ያወረዱትን ኬሚካል አያስወግድም። የጉድጓድ ውሃም መፍትሔ ነው ብሎ መዝለል አይቻልም፤ በስምጥ ሸለቆው፣ በተለይ በወንጂ፣ ፍሎራይዱ ብዙ ነው፤ ማፍላት ደግሞ ያጠነክረዋል። የብልሃርዝያንም ስጋት ከቆመ ውሃ ጋር አያይዞ የጠቀሰ ሰው አካባቢውን አጥንቷል ማለት ነው። ማደሪያን ከጉማሬ መተላለፊያ ማራቅ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚታወቅ ነው።

«ወንዝ ለወረቀት አይገዛም፤ ይህን ያህል ማስላት የጉዞውን ደስታ ይገድላል» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ግማሹም እውነት ነው። ወንዙ ስለማይገዛ ነው ዕቅዱ ለለውጥ ቦታ መተው ያለበት። እኔ በመጨረሻ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፤ ውሃው እስከየትኛው ድንጋይ ከደረሰ ጉዞው እንደሚሰረዝ፣ ያንን የመወሰን ሥልጣንም የማን እንደሆነ፣ ጀልባው ሳይነፋ በፊት ተጽፎ።